የሺ እግር ምስጢር በሰባተኛው ቀለበት

ባለፈው ክረምት ቆላ ወርደን የሰበሰብናቸውን ሺ እግሮች በቀለማቸው ለይተን በሦስት ጠርሙስ ከተትናቸው፤ በላያቸውም ቀይ፣ ጥቁር፣ ቡናማ ብለን ሦስት ዓይነት መሆናቸውን በኩራት ጻፍን። ከጥቂት ወራት በኋላ ብንከፍታቸው ቀዩም ቡናማውም ደብዝዞ መለያ አልነበረውም። ለካ አልኮሉ ቀለሙን አጥቦታል። ጓደኞቻችን እንደኛ እንዳይሞኙ ከዚያ ወዲህ የተማርነውን እነሆ።

ሺ እግርን ከመቶ እግር ለመለየት እግሩን ሁሉ መቍጠር አያሻም፤ ከመካከል አንድ ቀለበት ማየት ይበቃል። መቶ እግር በየቀለበቱ አንድ ጥንድ እግር ሲኖረው ሺ እግር ሁለት ጥንድ አለው፤ ይኸውም ሁለት ክፍል በአንድነት ስለ ተጣበቀ ነው። ነገር ግን ከራሱ ቀጥሎ ያለው አንገትጌ መሰል ቀለበት እግር የለውም፤ ተከታዮቹ ሦስቱም አንድ አንድ ጥንድ ብቻ ናቸው። ስሙማ ማጋነን ነው። ከ30 ሳንቲ ሜትር በላይ የሚረዝመው የምሥራቅ አፍሪካው ግዙፍ ሺ እግር እንኳ ያሉት እግሮች 250 ገደማ ናቸው። በእውነት ከሺ ያለፈው፣ 1,306 እግር ያለው፣ ከአውስትራሊያ ምድር ውስጥ ተገኝቶ ለዓለም የተገለጸው እ.ኤ.አ. በ2021 ነበር።

ቀጥሎ ቅርጹን ማየት ነው። ጀርባው ጠፍጣፋ፣ ጎንና ጎኑ እንደ ክንፍ የወጣ፣ ዓይን የሌለውና ቀለበቱ 20 ገደማ የሆነ ከሆነ ከጠፍጣፎቹ ወገን ነው። ሲነኩት የተሰበረ የኮክ አስኳል የሚመስል ሽታ ያወጣል፤ ሽታው ከሳያናይድ ጋር የሚወጣ ነውና አታሽትቱት። እንደ ማዳጋስካሮቹ እንደ ኳስ የሚጠቀለሉም አሉ። ረጃጅሞቹና ድብልብሎቹ ግን በሁለት ትልልቅ ወገን ይከፈላሉ፤ ፊታቸውን በማጉያ መነጽር ስናይ በመካከሉ ቍልቍል የወረደ መስመር ያለው አንደኛው ወገን፣ የሌለው ሌላው ነው። እነዚህ የሚረጩት ፈሳሽ እጅ ያጠቍራል፤ ዓይንንም ያቃጥላል። አንዱ ጓዳችን ዓይኑን አሽቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ አድሯል።

ይህ ሁሉ ግን ወገኑን እንጂ ዓይነቱን አይነግርም። ዓይነቱ የሚታወቀው በወንዱ ነው። በጀርባው አጋድመን ከአንገትጌው ጀምረን ስንቈጥር ሰባተኛው ቀለበት ላይ እግር የጎደለ ይመስላል። አልጎደለም፤ ወደ ማዳቀያ መሣሪያነት ተለውጦ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሊቃውንት ጎኖፖድ ይሉታል። በወረንጦ ቀስ አድርገን ስናወጣው አንዱ እንደ ሜንጦ የቈለመመ፣ አንዱ እንደ ማንኪያ የጐደጐደ፣ አንዱም እንደ ጅራፍ የቀጠነ ሆኖ ይገኛል፤ በውጭ መንትያ የሚመስሉ ሁለት ዓይነቶች እዚህ ላይ ይለያያሉ። የሚጠቀለሉት ብቻ ለዚህ ሥራ የተለወጠው እግራቸው በጅራታቸው በኩል ነው።

በዚህ መንገድ ጠርሙሶቻችንን እንደገና መረመርን። ቀይና ቡናማ ያልናቸው አንድ ዓይነት ሆኑ። በጥቁሩ ጠርሙስ ያሉት ደግሞ ሴቶችና ገና ያልጎለመሱ ብቻ ስለ ሆኑ የቀድሞውን ጽሑፍ ፍቀን «ወንድ አልተገኘም» ብለን ጻፍንበት።