በሽክርክሪት ቅርጽ ማውጣት

በሽክርክሪት ቅርጽ ማውጣት፣ በሌላ ስሙ ሴንትሪፉጋል ካስቲንግ፣ የቀለጠ ብረታ ብረት ወይም ፈሳሽ ሬዚን በሚሽከረከር ፎርማ ውስጥ ጨምሮ እስኪጠጥር ድረስ በማሽከርከር ዕቃ የመሥራት ዘዴ ነው። በፋብሪካ የብረት ቧንቧ ይሠራበታል። በአነስተኛ ደረጃ ደግሞ ጌጣጌጥ ሠሪዎች፣ የጥርስ ቴክኒሻኖችና በትርፍ ጊዜያቸው ትናንሽ ምስሎችን የሚሠሩ ሰዎች ይጠቀሙበታል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው አነስተኛውን ሥራ ነው።

ለምን ይሽከረከራል?

የቀለጠ ብረት የገጽ ውጥረቱ ከፍተኛ ስለሆነ ወደ ጠባብ ቦታ በቀላሉ አይገባም። በራሱ ክብደት ብቻ ሲፈስ የአንድ ትንሽ ምስል ጣት ወይም የሰይፍ ጫፍ ሳይሞላ ሊጠጥር ይችላል። ሽክርክሪት ፈሳሹን ከመሐል ወደ ጠርዝ በኃይል ይገፋዋል። የልብስ ማጠቢያ ማሽን ውኃን ከልብስ የሚያስወጣውም በዚሁ መንገድ ነው።

የግፊቱን ብርታት የሚወስነው ፍጥንጥነት የሚገኘው የማዕዘን ፍጥነትን በራሱ አባዝቶ በራዲየሱ በማባዛት ነው። ለምሳሌ ፎርማው ከመሐል 20 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ቢሆንና በደቂቃ 300 ዙር ቢሽከረከር፣ የማዕዘን ፍጥነቱ በሰከንድ 31.4 ራዲያን፣ ፍጥንጥነቱ ደግሞ 197 ሜትር በሰከንድ ካሬ ይሆናል። ይህ ከመሬት ስበት 20 እጥፍ ያህል ነው። የዙሩ ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ግፊቱ አራት እጥፍ ያድጋል።

የጎማ ፎርማ

በዚህ ዘዴ ናሙናዎቹ በሁለት ክብ የጎማ ዝርግ መካከል ዙሪያውን ይደረደራሉ። ጎማው በሙቀትና በጭነት ሲጠነክር የናሙናዎቹን ቅርጽ ይይዛል። ከዚያ ከመሐል ወደ እያንዳንዱ ቅርጽ የሚወስድ መፍሰሻ፣ እንዲሁም አየር የሚወጣበት ቀጭን ቦይ ይቆረጥለታል። ፎርማው እየተሽከረከረ ቅልጡ በመሐሉ ቀዳዳ ይፈስሳል። አንድ ፎርማ ብዙ ጊዜ ስለሚያገለግል ተመሳሳይ ዕቃ በብዛት ለማውጣት ይመቻል።

የብረቱ ምርጫ በጎማው የሙቀት አቅም ይወሰናል። ቆርቆሮ በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ ለዚህ ሥራ ተስማሚ ነው። በ420 ዲግሪ ገደማ ለሚቀልጠው ዚንክ ሙቀት የሚችል የሲልኮን ጎማ ያስፈልጋል። በ962 ዲግሪ የሚቀልጠው ብር ግን ጎማውን ያቃጥለዋል።

የሰም ዘዴ

ለብርና ለወርቅ የሚሆነው ፎርማ የሚዘጋጀው በሰም ነው። የሰም ናሙናው ጀሶ ባለበት ሙቀት ቻይ ድብልቅ ይሸፈንና በምድጃ ውስጥ ሰሙ ቀልጦና ተቃጥሎ ይወጣል። ከዚያ ፎርማው በሞላ ኃይል በሚሽከረከር ክንድ ጫፍ ላይ ይታሰራል፤ ክንዱ ሲለቀቅ ቅልጡ ሰሙ በተወው ባዶ ቦታ ይገባል። አሜሪካዊው የጥርስ ሐኪም ዊልያም ታጋርት እ.ኤ.አ. በ1907 በሰም ዘዴ የወርቅ ጥርስ ሙሌት አሠራርን አስተዋውቋል፤ የእሱ መሣሪያ ግን ወርቁን የሚገፋው በጋዝ ግፊት ነበር።

የሰም ዘዴው ራሱ ከማሽከርከሪያው በብዙ ሺህ ዓመታት ይቀድማል። በኢትዮጵያም መስቀል ሠሪዎችና አንጥረኞች ሲጠቀሙበት ኖረዋል። «ሰምና ወርቅ» የሚለው የቅኔ ስያሜም የመጣው ከዚሁ የአንጥረኞች ሥራ ነው።

ሬዚን

ሬዚን የሚጠጥረው በመቀዝቀዝ ሳይሆን በኬሚካዊ ውህደት ነው። ሁለቱ ፈሳሾች ከተቀላቀሉ በኋላ ያለው ጊዜ ጥቂት ደቂቃ ሊሆን ስለሚችል ማሽኑ ቀድሞ ዝግጁ መሆን አለበት። ሽክርክሪቱ ከባዱን ሬዚን ወደ ውጭ ሲገፋ ቀላሉ የአየር አረፋ ወደ መሐል ይሸሻል። ይህ ዘዴ ፎርማን በሁለት አቅጣጫ በዝግታ እያገላበጡ ውስጠ ባዶ ዕቃ ከማውጣት የተለየ ነው፤ በዚያ ሥራ ፈሳሹ ግድግዳውን እንዲቀባ እንጂ በኃይል እንዲገፋ አይፈለግም።

ጥንቃቄ

ሚዛኑን ያልጠበቀ ፎርማ ማሽኑን ያናውጣል፤ ቅልጡንም ሊረጭ ይችላል። ስለዚህ ማሽኑ በጠንካራ ከለላ መከበብ፣ የክንዱም ሌላኛው ጫፍ በተመጣጣኝ ክብደት መስተካከል አለበት። በፎርማ ውስጥ የቀረ ጥቂት እርጥበት እንኳ ቅልጥ ብረት ሲነካው በቅጽበት ተንኖ ብረቱን እንደ ፍንዳታ ይበትነዋል። መከላከያ መነጽር፣ ጓንትና የተሸፈነ ጫማ የግድ ናቸው። የሬዚን ትነት ሳንባን ስለሚጎዳ ሥራው አየር በሚዘዋወርበት ቦታ መከናወን አለበት። እርሳስ በቀላሉ ቢቀልጥም መርዛማ ነው፤ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ስለሚጎዳ እርሳስ ያለበት ቅይጥ ለመጫወቻ፣ ለጌጥና ለመመገቢያ ዕቃ ሊውል አይገባም።