ከ10ኛ ክፍል በኋላ፦ የትምህርት ዘርፍ ምርጫና ከፊት ያሉ መንገዶች

አዲስ አበባ፦ የ10ኛ ክፍል ትምህርታቸውን ያጠናቀቁ ተማሪዎች ለ11ኛ ክፍል ሲመዘገቡ ከሁለት ዘርፎች አንዱን ይመርጣሉ፤ የተፈጥሮ ሳይንስን ወይም የማኅበራዊ ሳይንስን። ምርጫው በምዝገባ ሰሞን በጥድፊያ ይጠናቀቃል፤ ብዙ ጊዜም ጓደኛ የመረጠውን በመከተል ነው። ይሁን እንጂ ተማሪው በ12ኛ ክፍል የሚፈተንባቸውን ትምህርቶችና ዩኒቨርሲቲ ቢገባ ሊማራቸው የሚችላቸውን የሙያ መስኮች የሚወስነው ይኸው ምርጫ ነው። ቤት ተከራይቶ ልጁን ከተማ ለሚያስተምር አርሶ አደርም ሆነ በዕለት ገቢ ለሚተዳደር የከተማ ነዋሪ፣ ጉዳዩ የዓመታት ድካምና ገንዘብ የሚያርፍበት ነው።

በመካከል የነበረው ፈተና ቀርቷል

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሁለተኛ ደረጃን ለሁለት የከፈለ ነበር። ተማሪዎች በ10ኛ ክፍል ማብቂያ ብሔራዊ ፈተና ይወስዱ ነበር፤ የተሻለ ውጤት ያመጡት ወደ መሰናዶ፣ ሌሎቹ ወደ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ወይም በቀጥታ ወደ ሥራ ያመሩ ነበር። ይህ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ደረጃ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል አንድ ወጥ እርከን ሆኗል።

ለውጡ ገና በለጋ ዕድሜያቸው በአንድ ፈተና ከትምህርት ገበታ ይለዩ ለነበሩ ልጆች ተጨማሪ ጊዜ ሰጥቷል። በሌላ በኩል ከ8ኛ ክፍል ፈተና በኋላ እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ የተማሪውን አቅም ከትምህርት ቤቱ ውጭ ያለ አካል የሚለካበት ብሔራዊ ፈተና የለም። በመሆኑም ዘርፍ የሚመርጥ ቤተሰብ በእጁ ያለው ማስረጃ የ9ኛና የ10ኛ ክፍል የውጤት ካርድ ነው።

ካርዱ ሲነበብ ግን ከደረጃ ባሻገር መታየት አለበት። ከክፍሉ 3ኛ የወጣ ተማሪ በአማካይ ጥሩ ቢሆንም በፊዚክስና በሒሳብ ደካማ ሊሆን ይችላል። የእያንዳንዱን ትምህርት ውጤት በአራቱ መንፈቀ ዓመታት አሰልፎ ማየት፣ የትኛው እየጨመረ የትኛው እየቀነሰ እንደመጣ መለየት፣ ከደረጃው ይልቅ ብዙ ይናገራል።

ግማሹ ነጥብ የጋራ ነው

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በስድስት ትምህርቶች የሚሰጥ ሲሆን ድምሩ ከ600 ይያዛል። የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎች ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈተናሉ። የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች ደግሞ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኢኮኖሚክስ ይፈተናሉ። እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲቲዩድ በሁለቱም ዘርፎች አሉ።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ለብዙ ቤተሰቦች ግልጽ አይደለም። ተማሪው የትኛውንም ዘርፍ ቢመርጥ ከ600 ነጥቡ 300ው የሚመጣው ከሦስቱ የጋራ ትምህርቶች ነው። ስለዚህ «ሒሳብ ይከብደኛል» ብሎ ማኅበራዊ ሳይንስ የሚገባ ተማሪ ከሒሳብ አላመለጠም፤ በኋላም አካውንቲንግ ወይም ኢኮኖሚክስ ቢመርጥ ሒሳብ ይጠብቀዋል።

ለምሳሌ አንድ ተማሪ በእንግሊዝኛ 45፣ በሒሳብ 40፣ በአፕቲቲዩድ 55 ያገኛል እንበል። ድምሩ 140 ነው። የማለፊያው ግማሽ ነጥብ 300 ላይ ለመድረስ ከቀሩት ሦስት ትምህርቶች 160 ማምጣት፣ ማለትም በእያንዳንዳቸው በአማካይ ከ53 በላይ ማግኘት ይኖርበታል። ዘርፍ ሲመረጥ ሊነሣ የሚገባው ጥያቄም ይኸው ነው፤ ልጁ ይህን ነጥብ ሊያገኝ የሚችለው በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ ነው ወይስ በታሪክ፣ በጂኦግራፊና በኢኮኖሚክስ?

በእርግጥ ዘርፎቹ የሚከፍቷቸው በሮች ይለያያሉ። ሕክምና፣ ነርሲንግ፣ ፋርማሲ፣ ምሕንድስናና የግብርና ሳይንስ በተፈጥሮ ሳይንስ በኩል የሚገኙ ናቸው። ሕግ፣ ጋዜጠኝነት፣ የንግድ ሥራ አመራር፣ ታሪክና ሶሲዮሎጂን የመሰሉ መስኮች የማኅበራዊ ሳይንስ ናቸው። ሐኪም ለመሆን ቆርጦ የተነሣ ልጅ ማኅበራዊ ሳይንስ ከገባ በሩን በገዛ እጁ ዘጋው ማለት ነው። እንዲሁ «ጎበዝ ተማሪ ተፈጥሮ ሳይንስ ይገባል» በሚል ወሬ ብቻ ታሪክና ቋንቋ የሚወደውን ልጅ ወደ ላቦራቶሪ መግፋት ያለውን ነጥብ ያሳጣዋል።

ዘርፍ መምረጥ ሙያ መምረጥ እንዳልሆነም ማወቅ ይጠቅማል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርቶችን ይወስዳሉ፤ የትምህርት ክፍል ምደባው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ ለቅድመ ምረቃ አመልካቾች የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል።

ቁጥሮቹ የሚናገሩት

የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ የወጡ ውጤቶች እንደሚያሳዩት፣ ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡ ተፈታኞች በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ከተፈተኑት 585 ሺህ 882 ተማሪዎች መካከል ያለፉት 48 ሺህ 929 ናቸው፤ ይህም 8.4 በመቶ ነው።

መሻሻሉ የሚበረታታ ነው። ያም ሆኖ በ2017 ዓ.ም. እንኳ ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና በላይ የሚሆኑት በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አላገኙም። ይህ ልጅን ከትምህርት ለማስቀረት ምክንያት አይሆንም፤ ሁለተኛውን መንገድ ፈተናው ሳይደርስ ማወቅ እንደሚያስፈልግ ግን ያመለክታል።

ሁለተኛው መንገድ

ከማለፊያው ነጥብ በታች ያመጡ፣ ሆኖም ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ የሚያወጣውን መቁረጫ ያሟሉ ተማሪዎች የማካካሻ (ሬሜዲያል) ትምህርት ይሰጣቸዋል። መርሐ ግብሩ የተጀመረው በ2015 ዓ.ም. ነው። ተማሪዎቹ የሚማሩት በዘርፋቸው ትምህርቶች ሲሆን ምዘናውን ሲያልፉ ብቻ ወደ አንደኛ ዓመት ይሸጋገራሉ። ስለዚህ ማካካሻ ገቡ ማለት ዩኒቨርሲቲ ገቡ ማለት አይደለም።

ሌላው መንገድ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ነው። ዘርፉን ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የሚመራው ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው። ሥልጠናው በደረጃ የተከፋፈለ ነው፤ ሠልጣኙ አንዱን ደረጃ ጨርሶ የብቃት ምዘና (ሲኦሲ) ሲያልፍ ወደ ሥራ መሰማራት ወይም ወደ ቀጣዩ ደረጃ ማደግ ይችላል። ሥልጠናው በኮሌጅ ወርክሾፕ ብቻ ሳይወሰን በድርጅቶች ውስጥ የሚደረግ የትብብር ሥልጠናንም ይጨምራል። መንገዱ በዲፕሎማ የሚቆም እንዳልሆነም መታወቅ አለበት፤ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት በሙያው በዲግሪ ደረጃም ያስተምራል።

ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዙሪያ ሲታይ

ይህ ሁሉ በአንድ አካባቢ ምን ትርጉም እንዳለው ለማየት የካ ክፍለ ከተማንና የእንጦጦን ተራራ መመልከት በቂ ነው። በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ዙሪያ ኑሮውን ለመሠረተ ቤተሰብ ከሁለቱም ዘርፎችና ከሙያ ሥልጠና የሚወጡ ሥራዎች ከደጁ የራቁ አይደሉም።

በተራራው ላይ የእንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ይገኛል። ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደ ህዋ የላከቻት የመጀመሪያዋ ሳተላይት መረጃ ይቀበል የነበረው ጣቢያም እዚያው ነው። እዚያ ለመሥራት የሚመኝ ልጅ መንገዱ በፊዚክስና በሒሳብ በኩል ነው፤ ዘርፉም የተፈጥሮ ሳይንስ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ደግሞ የምግብ ዝግጅት፣ የመስተንግዶ፣ የአትክልት እንክብካቤና የኤሌክትሪክ ጥገና ሙያተኞችን ይፈልጋል፤ እነዚህ በሙያ ሥልጠና የሚገኙ ናቸው። ቁልቁል ሲወረድ ሽሮ ሜዳ ላይ የሸማ ሥራና ንግድ አለ። ጥበቡ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ቢሆንም ሒሳብ አያያዝና ገበያ ማፈላለግ የሚችል ሰው ገቢውን ያሳድገዋል።

የመማሪያ ቦታዎቹም ቅርብ ናቸው። በየካ ኮከበ ጽባሕና ደጃዝማች ወንድይራድን የመሰሉ ነባር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አሉ። መምህር ለመሆን ለሚያስብ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ አለ። እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የሚገኘው ደግሞ በ1917 ዓ.ም. በተከፈተው በቀድሞው የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ግቢ ነው። በአንድ ወቅት የአገሪቱ ባለሥልጣናትና ምሁራን የወጡበት ግቢ ዛሬ የእጅ ሙያ ማሠልጠኛ መሆኑ፣ ሙያን «የወደቀ ተማሪ መጠጊያ» አድርጎ ለሚያይ ሰው ማሰቢያ ሊሆነው ይገባል።

ከምዝገባ በፊት

ቤተሰብ ከምዝገባው ቀን በፊት ሊያደርጋቸው የሚችሉ ነገሮች ገንዘብ አይጠይቁም። የመጀመሪያው የሁለት ዓመቱን ካርድ ይዞ ከልጁ ጋር መቀመጥና ሦስቱን የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርቶች ከማኅበራዊ ሳይንሶቹ ጋር ማነጻጸር ነው። ማንበብ የማይችል ወላጅ የክፍል ኃላፊ መምህሩን ወይም የትምህርት ቤቱን ርእሰ መምህር እንዲያስረዱት መጠየቅ መብቱ ነው።

ሁለተኛው፣ ልጁ ሊማርበት የታሰበው ትምህርት ቤት በየትኛው ዘርፍ የተሟላ መምህርና ላቦራቶሪ እንዳለው ማጣራት ነው። በ2015 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ 1 ሺህ 328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። የፊዚክስ መምህር በሌለበት ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ሳይንስ መምረጥ ለጎበዝ ተማሪም ከባድ ነው።

ሦስተኛው፣ ክፍያ ተከፍሎበት ሊገባ የታሰበ የግል ኮሌጅ ካለ፣ በተፈለገው የትምህርት መስክና በዚያው ካምፓስ ዕውቅና እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ማረጋገጥ ነው። የዲግሪ ተማሪ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታው ስለሆነ፣ በደካማ ኮሌጅ የጠፋ ዓመት በኋላ አይመለስም።

የመጨረሻው ጉዳይ ሒሳብና እንግሊዝኛ ነው። የዘርፍ ምርጫው የቱም ቢሆን፣ መንገዱም በዩኒቨርሲቲ ወይም በሙያ ሥልጠና በኩል ቢያልፍ፣ ሁለቱ ትምህርቶች ተማሪውን ይከተሉታል። በ10ኛ ክፍል ክረምት በእነዚህ ሁለት ትምህርቶች ላይ የሚውል ጊዜ፣ ልጁ በየትኛውም በር ቢገባ ይጠቅመዋል።