ካርተር የደረሰበት፣ ላቭክራፍት የቀረበት

አሜሪካዊው የአስፈሪ ልቦለድ ደራሲ ኤች ፒ ላቭክራፍት (1890–1937፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለገጸ ባሕርያቱ ብዙም አይራራም። አብዛኞቹ አንድ ታሪክ ላይ ብቅ ይሉና ያብዳሉ ወይም ይሞታሉ። ራንዶልፍ ካርተር ግን ደጋግሞ ይመለሳል። የተወለደውም ከሕልም ነው፦ ላቭክራፍት በ1919 ከወዳጁ ከሳሙኤል ላቭማን ጋር በሌሊት መቃብር ስፍራ ሲሄዱ፣ ላቭማንም ወደ አንድ መቃብር ወርዶ ሲቀር በሕልሙ አየ። ታሪኩን ሲጽፍ ላቭማንን ሃርሊ ዋረን፣ ራሱን ራንዶልፍ ካርተር ብሎ ሰየመ። ስለዚህ ካርተር የደራሲው ሁለተኛ ማንነት ነው ማለት የሐያስያን ፈጠራ አይደለም።

ይሁን እንጂ ሁለቱ የሚመሳሰሉበትን ከመልቀም ይልቅ የሚለያዩበትን ማየት ይበልጥ ያስተምራል። ላቭክራፍት በ1917 የሮድ አይላንድ ብሔራዊ ዘብ ውስጥ ቢመዘገብም እናቱ ጣልቃ ገብታ አሰረዘችበት። «የብር ቁልፍ» በተሰኘው ታሪኩ ላይ ግን ካርተር በፈረንሳይ የውጭ ዜጎች ጦር ተሰልፎ ይቆስላል። ከዚህ የሚከብደው የቤቱ ጉዳይ ነው። በ1904 አያቱ ሲሞቱ የቤተሰቡ ሀብት ተበትኖ ላቭክራፍት ያደገበትን ቤት አጣ። ኒው ዮርክ አልስማማ ብላው በ1926 ወደ ፕሮቪደንስ ሲመለስም ከተማው እንጂ ቤቱ አልጠበቀውም። በዚያው ዓመት በጻፈው በዚሁ «የብር ቁልፍ» ካርተርን በአንዲት ቁልፍ ወደ አሥር ዓመት ልጅነቱ ሰደደው። ቀጥሎ በጨረሰው ረጅም የሕልም ጉዞ ደግሞ ካርተር አማልክትን እየተጋፈጠ የሚፈልጋት ውብ ከተማ የልጅነት ትዝታው፣ ቦስተን፣ ሆና ትገኛለች።

እንዲህ ማንበብ ልቦለድን የሕይወት ታሪክ ተቀጥላ ያደርገዋል የሚል ይኖራል። ካርተርን ከደራሲው ጋር አንድ አድርገን ብንቆጥረው ኖሮ ልክ ነበር፤ እዚህ የምንመዝነው ግን ደራሲው ለገጸ ባሕርይው የጨመረለትን ነው። መጀመሪያ ላይ የሚንቀጠቀጠው ካርተርና ኋላ አማልክትን የሚሞግተው ካርተር አንድ ሰው አይመስሉም የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ጠንካራ ነው። ቢሆንም በመካከል ሰባት ዓመት አለ፤ የጻፈውም ሰው ያው አልነበረም። በእኔ ግምት አስቸጋሪው በ1934 የታተመው የመጨረሻው ታሪክ ነው። መነሻ ረቂቁን የጻፈው ሌላ ጸሐፊ፣ ሆፍማን ፕራይስ፣ ነው፤ ላቭክራፍት እንደ አዲስ ሠራው። እዚያ ካርተር በሌላ ዓለም ፍጡር አካል ውስጥ ይታሰራል፤ ለሁለት ጸሐፊ ላደረ ገጸ ባሕርይ የሚገባ ዕጣ ይመስላል። ላቭክራፍት ከዚያ በኋላ ካርተርን ማዕከል ያደረገ ታሪክ አልጻፈም።