የማይነቃነቅ ነጥብ ፍለጋ

አራት ኪሎ በሚገኘው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ ሌት ተቀን ወደ ሰማይ አንጋጦ የሳተላይት ሞገድ የሚቀበል አንድ አንቴና አለ። በዓለም አቀፉ የመከታተያ ጣቢያዎች መዝገብ በከተማይቱ ስም «አዲስ» ተብሎ ይታወቃል። ሲተከል ነፋስ እንዳይገፋው፣ ሕንፃ እንዳይከልለው ተጠንቅቆ ነው። ያም ሆኖ በየዓመቱ 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛል። የሚጓዘውም ብቻውን አይደለም፤ ግቢው፣ አደባባዩ፣ የድል ሐውልቱና ከተማው በሙሉ አብረውት ይሄዳሉ። የተሸከማቸው ግዙፉ የአፍሪካ ምድር ንጣፍ ነውና።

መለካት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ስለሚለካው ነገር ነው። ቀያሽ ግን ሥራ ቦታ እንደደረሰ በመጀመሪያ የሚፈልገው ሊለካ የመጣበትን መሬት ሳይሆን፣ ቀድሞ የተለካና ቁጥሩ የታወቀ አንድ ነጥብ ነው። በኮንክሪት ውስጥ የተቀበረች የብረት ምስማር ልትሆን ትችላለች። ያቺ ነጥብ ከጠፋች ወይም ከተነቀለች፣ ቶታል ስቴሽን የሚባለው የቀያሽ መሣሪያ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን የሚሰጠው ቁጥር መሠረት አይኖረውም። የቅየሳ ታሪክም በአብዛኛው የመሣሪያ ታሪክ ተደርጎ ይነገራል እንጂ፣ በውስጡ ያለው ትልቁ ጥያቄ «ከየት ተነስተን እንለካ?» የሚለው ነው።

በኢትዮጵያ የዚህ ጥያቄ መልስ ለረጅም ዘመን ገመድ ነበር። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተስፋፋው የቀላድ ሥርዓት ስሙን ያገኘው ከመለኪያው ሲሆን፣ ቀላድ ርዝመቱ ወደ 66 ሜትር የሚጠጋ የጠፍር ገመድ ነው። በቀላድ የተለካው መሬት በጋሻ ይቆጠራል። ጋሻ ዛሬ በግምት 40 ሄክታር ይባል እንጂ እንደ መሬቱ ለምነትና ጠፍነት ስፋቱ ይለያይ ነበር። ጥማድም እንዲሁ ነው፤ አንድ ጥንድ በሬ በቀን የሚያርሰው መሬት ሲሆን፣ ዳገቱና ጥቁር አፈሩ ያሳንሰዋል፣ ለስላሳው ሜዳ ያሰፋዋል። እነዚህን መለኪያዎች ዝም ብሎ ኋላ ቀር ማለት ስህተት ነው። የተፈለገው የምድር ስፋት ሳይሆን መሬቱ የሚያወጣው እህልና የሚጠይቀው ድካም ነበር፤ ለግብር የሚጠቅመውም እሱ ነው። ቀላድ የማይችለው ሌላ ነገር ነበር። አንድ ማሳ ከሌላው አገር ማሳ በየት በኩል፣ በምን ያህል ርቀት እንዳለ መናገር አይችልም። የልኬቱ መነሻ ወንዝ ወይም ዋርካ ነው፤ ወንዝ ደግሞ ይሸሻል፣ ዋርካም ይወድቃል።

የኢትዮጵያን ሰፊ ክፍል በማዕዘን ለማያያዝ ከሞከሩት ቀዳሚው አንትዋን ዳባዲ ነው። በ1810 እ.ኤ.አ. በደብሊን የተወለደው ይህ ፈረንሳዊ፣ ከ1830ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ አሥር ዓመት ያህል ከወንድሙ ከአርኖ ጋር በኢትዮጵያ ኖረ። በአማርኛ የሚያስታውሱት ብዙዎቹ በሰበሰባቸው የግዕዝ ብራናዎችና በ1881 ባሳተመው የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነው። ለቅየሳ የተወው ውርስ ግን ከዚያ አያንስም። ማዕዘን መለኪያውን ቴዎዶላይት ይዞ ከተራራ ተራራ እየወጣ፣ ከእያንዳንዱ ጫፍ ሌሎቹን ጫፎች እያነጣጠረ በመካከላቸው ያለውን ማዕዘን መዘገበ። ዘዴው ቀላል የጂኦሜትሪ ሐቅ ነው፤ የአንድ ሦስት ማዕዘን አንድ ጎንና ሁለት ማዕዘናት ከታወቁ ቀሪዎቹ ጎኖች ሳይረገጡ ይታወቃሉ። አንዱ ሦስት ማዕዘን ለሌላው ጎን እያበደረ ከባሕር ጠረፍ እስከ ደጋው ውስጥ ይዘልቃል። ገደልና ጎርፍ ለበዛበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የአባይን በረሃ በገመድ የሚሻገር የለም፣ ዓይን ግን ይሻገረዋል። ዳባዲ የመቶዎች ቦታዎችን አቀማመጥ አስልቶ «የኢትዮጵያ ጂኦዴሲ» በሚል ርእስ ከ1860 ጀምሮ አሳተመ።

ይኸው የሦስት ማዕዘን ሰንሰለት በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አህጉር አቀፍ ሆነ። ከደቡብ አፍሪካ እስከ ግብፅ በ30ኛው ሜሪዲያን በኩል አንድ ረጅም ሰንሰለት የመዘርጋት ሐሳብ የዴቪድ ጊል ነበር፤ የተጠነሰሰው በ1879፣ የመጨረሻው ክፍተት በሱዳን የተዘጋው ደግሞ በ1954 እ.ኤ.አ. ነው። በሱዳንና በግብፅ ድንበር አካባቢ፣ በአባይ ዳር ያለች አዲንዳን የምትባል ነጥብ የአካባቢው ልኬቶች ሁሉ መነሻ ሆነች። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የአባይ ተፋሰስ ጥናት በአሜሪካ ባለሙያዎች እገዛ ሲካሄድ ልኬቱ ከእሷ ጋር ተያያዘ። ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች፣ መሐንዲሶችና ወታደሮች ለአሥርት ዓመታት የተጠቀሙባቸው ባለ 1 ለ50,000 ካርታዎች በሙሉ የቆሙት በዚህች የኑብያ ነጥብ ላይ ነው። የካርታውን ግርጌ ያነበበ ሰው «አዲንዳን» የሚለውን ቃል ያውቀዋል።

ካርታውን ከጂፒኤስ ጋር ያለ ማስተካከያ የሚያደባልቅ ሰው ዋጋ ይከፍላል። የአዲንዳን ቁጥር እንዳለ ጂፒኤስ ላይ ቢሞላ መሣሪያው ሰውየውን ከ100 ሜትር በላይ ከቦታው ወደ ደቡብ ምዕራብ ያርቀዋል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ አዲንዳን ምድርን የለካው ክላርክ በ1880 ባሰላው የምድር ቅርጽ ሲሆን፣ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደግሞ ማዕከሉ የምድር ማዕከል የሆነውን ሌላ ቅርጽ ነው። ለእረኛ 100 ሜትር ምንም አይደለም። ለጉድጓድ ቆፋሪ፣ ለመንገድ ወይም ለወሰን ችካል ግን ጠብ የሚያስነሳ ልዩነት ነው።

ሳተላይቶቹ መነሻ ነጥቡን ከምድር ላይ አንስተው ሰማይ ሰቀሉት። የመጀመሪያው የጂፒኤስ ሳተላይት የተላከው በ1978 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ዛሬ ከ30 የሚበልጡት 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው በየ12 ሰዓቱ ምድርን አንዴ ይዞራሉ። አሠራራቸውን ለመረዳት መብረቅ በቂ ነው። ብልጭታውን ያየ ሰው ነጎድጓዱ እስኪሰማ ከቆጠረ መብረቁ ምን ያህል እንደራቀ ያውቃል። ሳተላይቱም «ይህን የላክሁት በዚህ ሰዓት ነው» እያለ ያለማቋረጥ ይናገራል፤ መቀበያው የደረሰበትን ሰዓት አይቶ ልዩነቱን በብርሃን ፍጥነት ያባዛል። ሦስት ርቀቶች ቦታን ይወስናሉ። አራተኛው ሳተላይት የሚያስፈልገው በስልክ ውስጥ ያለችው ርካሽ ሰዓት ስለማትታመን ነው፤ የእሷን ስህተት አስልቶ ለማውጣት።

ስለዚህ ጂፒኤስ ከሁሉ አስቀድሞ ሰዓት ነው። የአንድ ሰከንድ ቢሊዮንኛ ስህተት 30 ሳንቲ ሜትር ያሳስታል። የሳተላይቶቹ አቶሚክ ሰዓቶች ደግሞ አንስታይን እንደተነበየው በፍጥነታቸው የተነሳ ትንሽ ይዘገያሉ፣ የምድር ስበት በላላበት ከፍታ ስላሉ ግን ከዚያ አብልጠው ይቀድማሉ፤ ሲጣፋ በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ከምድር ሰዓት ይቀድማሉ። ይህ ባይታረም የርቀት ስህተቱ በአንድ ቀን ከ10 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ከመርካቶ ዕቃ አድራሹን በስልኩ ለሚጠብቅ ነጋዴ የአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ በየደቂቃው እየሠራለት ነው።

ለኢትዮጵያ አንድ ልዩ ችግር አለ። ሞገዱ ወደ ምድር ሲወርድ በፀሐይ ጨረር የተሞላውን የላይኛውን አየር፣ አዮኖስፌርን፣ ማለፍ አለበት፤ እዚያም ይዘገያል። ይህ የአየር ክፍል ይበልጥ የሚናወጠው በመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አካባቢ፣ በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። መግነጢሳዊው ወገብ ደግሞ በኢትዮጵያ በኩል ያልፋል። በ1957 እና 58 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ኢየሱሳዊው አባ ፒየር ጉዊን በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ጣቢያ የመሠረቱትም ከተማዋ ለዚህ ወገብ ቅርብ ስለሆነች ነው።

ለቀያሽ ሥራ ስልክ የሚሰጠው የጥቂት ሜትሮች ትክክለኛነት አይበቃም። መፍትሔው ሁለት መቀበያ ነው። አንዱ በታወቀ ነጥብ ላይ ይቆማል፣ ሌላውን ባለሙያው በዘንግ ይዞ ይዞራል። ሁለቱም የሚያዩት ሰማይ አንድ ስለሆነ የአየሩ ስህተት ሁለቱን እኩል ያሳስታቸዋል፤ የቆመው መቀበያ ስህተቱን ያውቀዋል፣ ለተንቀሳቃሹም በሬዲዮ ይነግረዋል። በዚያ ላይ 19 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመውን ሞገድ ራሱን ስለሚቆጥሩ ውጤቱ እስከ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። እዚህም ቢሆን የታወቀች ነጥብ ሳትኖር ምንም የለም።

ከፍታ ግን አሁንም አስቸጋሪ ነው። ጂፒኤስ ከፍታን የሚለካው ከባሕር ወለል ሳይሆን ለስሌት ከተበጀ ለስላሳ የምድር ቅርጽ ነው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ከሕንድ በስተደቡብ ባለው ውቅያኖስ 100 ሜትር ያልፋል። ራስ ደጀን በብዙ የትምህርት መጻሕፍት 4,620 ሜትር ተብሎ ሲጻፍ ኖሮ፣ በቅርብ ልኬቶች 4,550 ሜትር ገደማ ሆኗል። ተራራው አንድ ስንዝር አላጠረም።

ምድርን ሳይነኩ ከላይ ሆኖ መለካት፣ ርቀት ዳሰሳ የሚባለው ዘዴ፣ ለገበሬው በቀጥታ የደረሰው በመሬት ምዝገባ ነው። በመጀመሪያው ዙር የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲሰጥ ማሳው በገመድ ይለካ ወይም በግምት ይጻፍ ነበር፤ አዋሳኞቹም በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ ወንዝ እየተባሉ ይመዘገቡ ነበር። በሁለተኛው ዙር ከአየር የተነሳ ፎቶ፣ የዳገቱና የካሜራው መዛባት ተስተካክሎለት፣ በትልቅ ወረቀት ታትሞ ቀበሌ ይመጣል። ባለይዞታው፣ አዋሳኞቹና የመሬት ኮሚቴው ማሳው ላይ ተሰብስበው ድንበሩን በፎቶው ላይ ያሰምራሉ። የዚህ አሠራር ታላቅነት በፎቶው ብቻ አይደለም። ወሰኑን የሚያውቁት አዋሳኞቹ ናቸው፤ ካሜራው የእነሱን ስምምነት ከመሬቱ ገጽ ጋር የሚያስተሳስር ማስረጃ ሰጣቸው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት፣ ክብደቷ 70 ኪሎ ያህል የነበረው፣ እንዲህ ላለው ሥራ አልተሠራችም፤ አንዷ የምስል ነጥቧ 14 ሜትር ገደማ ትሸፍን ስለነበር ለሰብል፣ ለደንና ለውኃ እንጂ ለማሳ ድንበር አትሆንም ነበር።

የእነዚህ ዘዴዎች ሁሉ ኃይል አንድ ላይ የታየው በአፋር ነው። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ ምድሪቱ በተከታታይ ተንቀጠቀጠች። በደመራ ዕለት ዳኡሬ በተባለ ቦታ ግማሽ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስንጥቅ ተከፍቶ አመድ ተፋ፤ አርብቶ አደሮች አካባቢውን ለቀው ሸሹ። የተፈጠረውን ለማወቅ ተመራማሪዎች የአውሮፓ ሳተላይት ኤንቪሳት ከክስተቱ በፊትና በኋላ ያነሳቸውን የራዳር ምስሎች አነጻጸሩ። ራዳር የራሱን ሞገድ ልኮ መልሶ ስለሚቀበል ሌሊትና ደመና አያግዱትም። ምድሪቱ በመካከሉ ከተንቀሳቀሰች የሚመለሰው ሞገድ ከቀድሞው ጋር አይገጥምም፤ አለመግጠሙም በምስሉ ላይ እንደ ቀስተ ደመና ተደራራቢ ቀለበት ሆኖ ይወጣል። በኤንቪሳት ሞገድ አንዱ ቀለበት 2.8 ሳንቲ ሜትር ነው። በደጋው ቅጠልና ሰብል ሞገዱን ያውካሉ፤ የአፋር ባዶ አለት ግን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ይመስላል።

ቀለበቶቹ ሲቆጠሩ የወጣው ቁጥር ጂኦሎጂስቶችን አስደነገጠ። 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም መስመር ሥር ቅልጥ አለት ሰርጎ ገብቶ፣ ምድሪቱን በሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ከፍቷት ነበር። በመሰንጠቂያው አጠገብ እንቅስቃሴው ከመብዛቱ የተነሳ ቀለበቶቹ ተደባልቀው ስለጠፉ፣ እዚያ የነበረውን ለውጥ በሌላ መንገድ፣ የምስል ነጥቦችን ሽግሽግ በመከታተል ማግኘት ግድ ሆነ። በአፋር ዓረቢያና አፍሪካ የሚራራቁት በዓመት 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የምዕተ ዓመታት እርምጃ በአንድ ወር ተራመደች ማለት ነው። እስከ 2010 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ከአሥር በላይ ተመሳሳይ ሰርጎ መግባቶች ተከተሉ።

ወደ ደቡብ፣ በዋናው ስምጥ ሸለቆ፣ እንቅስቃሴው በዓመት ወደ 5 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ይህን ለመያዝ ጂኦሎጂስቱ ፖል ሞር በ1969 እ.ኤ.አ. ሸለቆውን ተሻግሮ በብርሃን ርቀት መለኪያ ለካ፤ እሱ የተከላቸው ነጥቦች ከ20 ዓመታት በላይ ቆይተው በጂፒኤስ ሲለኩ ነው ልዩነቱ የተጨበጠው። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን እሳተ ገሞራዎች መካከል ምድር ስትናወጥ ግን መጠበቅ አላስፈለገም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ቀዬአቸውን ሲለቁና ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ በየ12 ቀኑ የሚመለሰው ሴንቲኔል 1 ሳተላይት ከሥር የሚሰርገውን ቅልጥ አለት አቅጣጫ እያሳየ ነበር።

ራዳር ግን ብቻውን አይበቃም፤ የሚያየው ወደ ሳተላይቱ የመቅረብንና ከእሱ የመራቅን ለውጥ ብቻ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያውያንና የውጭ ተመራማሪዎች በአፋር ጥቁር አለት ላይ ምስማሮች ተክለዋል። መኪና በማይደርስበት በሄሊኮፕተር፣ በሌላው በእግር እየሄዱ ባለሦስት እግሩን በትክክል ከምስማሯ አናት ላይ ያቆማሉ፤ መቀበያውን ለቀናት ትተውት ይመለሳሉ። ከዚያ የሚወጣው የቦታ ቁጥር ብቻውን አይጻፍም። ከጎኑ የተለካበት ቀን ይሰፍራል፤ ያለ ቀኑ ያቺ ምስማር የት እንደነበረች ማወቅ አይቻልምና።