ሰው ራሱን ረስቶ ሌላውን እንዲያስብ መሣሪያ ሊረዳው ይችላልን?



ሰው ሁሉ ራሱን ይወዳል፤ ይህም ከተፈጥሮ የተሰጠው ስለ ሆነ አይነቀፍበትም። የሚነቀፈው ከርሱ በቀር ሌላ ሰው መኖሩን ሲዘነጋ ነው። ይህን ዝንጋታ ለመፈወስ ሃይማኖትም ትምህርትም ከጥንት ጀምሮ ሲደክሙ ኖረዋል። በዘመናችን ደግሞ አንዳንድ ሊቃውንት በመሣሪያ ሊሞክሩት ተነሥተዋል።

መሣሪያው ቨርቹዋል ሪያሊቲ ይባላል፤ «አምሳለ እውነት» ብንለው ትርጓሜውን ይገልጸዋል። እንደ መነጽር በዓይን ላይ ይጠለቃል፤ በውስጡም ለየዓይኑ የተዘጋጀ ሥዕል ይታያል። ሰውየው አንገቱን ባዞረ ቍጥር ኮምፒዩተሩ ሥዕሉን አብሮ ስለሚለውጥለት፣ በክፍሉ ውስጥ ቆሞ ሳለ በሌላ ስፍራ ያለ ይመስለዋል። ከዚህ ዐይነት መሣሪያ የመጀመሪያዎቹን አንዱን ኢቫን ሳዘርላንድ የተባሉ አሜሪካዊ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 ዓ.ም. ሠርተው አሳይተዋል።

ዴቪድ ግሎዋኪ የተባሉ የሳይንስ ሊቅ ከዓመታት በፊት በተራራ ላይ ሲሄዱ ክፉኛ ወደቁ። ደም ወደ ሳንባቸው ፈስሶ ትንፋሽ ባጠራቸው ጊዜ ገላቸው ወደ ብርሃን የተለወጠ መስሎ ታያቸው። ከዳኑም በኋላ ከባልደረቦቻቸው ጋራ ሆነው «ኢዝነስ-ዲ» የተባለውን ትርኢት አዘጋጁ። በዚህ ትርኢት በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ 4 ወይም 5 ሰዎች በአንድ አምሳለ ስፍራ ይገናኛሉ። መልክ፣ ልብስ፣ ማዕርግ አይታይም፤ እያንዳንዱ ሰው ልቡ ባለበት ቦታ ብርሃን የበራበት የጭስ ደመና ሆኖ ይታያል። ሁሉም በአንድ ቦታ ሲሰበሰቡ ደመናዎቹ ስለሚቀላቀሉ፣ የአንዱን ወሰን ከሌላው መለየት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. በታተመው ጥናት የ58 ተሳታፊዎች መልስ ተመርምሮ፣ «እኔ» የማለት ስሜታቸው እንደ ላላና ከሌሎቹ ጋራ አንድ የመሆን ስሜት እንዳደረባቸው ታውቋል።

ነገር ግን ስሜት አንድ ነገር ነው፤ ሥራ ሌላ ነው። ሰዎቹ ስለ ራሳቸው የሰጡት ቃል ስሜታቸውን እንጂ ምግባራቸውን አይመሰክርም። በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2013 ዓ.ም. የታተመው ጥናት ግን ምግባርን ለመመርመር የሞከረ ነው። ከ60 ሰዎች እኩሌቶቹ በአምሳለ እውነት እንደ ወፍ በራሳቸው እንዲበሩ፣ እኩሌቶቹ በሄሊኮፕተር ተሳፍረው እንዲጓዙ ተደረገ። ከዚያም መርማሪው በስሕተት የጣለ መስሎ 15 ብዕሮች በወለሉ ላይ በተነ። በራሳቸው የበረሩት ፈጥነው ተነሥተው አብልጠው ለቀሙለት፤ ጭራሽ ያልረዱት 6 ሰዎች ሁሉም በሄሊኮፕተር የተሳፈሩት ነበሩ። ኀይል እንዳለው የተሰማው ሰው ኀይሉን ለሌላ ለማዋል ሳይቀርበው አልቀረም።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2018 ዓ.ም. በወጣ ሌላ ጥናት ሰዎች ሥራውንና ቤቱን ያጣ ሰው ሆነው በመሣሪያው እንዲኖሩ ተደርጎ ነበር። በኋላም ለድኾች ቤት እንዲሠራ የሚጠይቅ ማመልከቻ ሲቀርብላቸው ከመቶ 82ቱ ፈረሙ፤ ታሪኩን በጽሑፍ ካነበቡት ግን የፈረሙት ከመቶ 67ቱ ናቸው። እዚህ ላይ ልብ ማለት ይገባል፤ ንባብም ቢሆን ከሦስቱ ሁለቱን አስፈርሟል።

የሚቃወሙም ሊቃውንት አሉ። የሥነ ልቡና ሊቁ ፖል ብሉም ስደተኛነትን በመነጽር መቅመስ እንደማይቻል እ.ኤ.አ. በ2017 ዓ.ም. ጽፈዋል። እውነት ነው፤ መነጽሩን ያጠለቀ ሰው በፈለገ ጊዜ ያወልቀዋል፤ ችግርን ግን ባለቤቱ አውልቆ አያስቀምጠውም።

እንግዲህ ከዚህ የምንረዳው፣ መሣሪያ የሰውን ልብ ሊያንኳኳ እንደሚችል፣ በሩን የሚከፍተው ግን ባለቤቱ መሆኑን ነው። ከጠረጴዛችን ፊት የሚቆመው ባለጉዳይ የጭስ ደመና አይደለም፤ ስም ያለው፣ ቤተ ሰብ የሚጠብቀው፣ ምናልባትም ከሩቅ የመጣ ሰው ነው። «ነገ ተመለስ» ከማለታችን በፊት ራሳችንን በርሱ ቦታ አቁሞ ማሰብ መነጽርም ኮምፒዩተርም አይጠይቅም።