ሒሳብ በስልክ ሲከፈል ዱቤ በምን ይታመናል?

ከወልቂጤ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኘው ጉብሬ፣ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ማስተማር ከጀመረባት ወዲህ ለሻይ ቤቱ፣ ለጽሕፈት መሣሪያ መደብሩና ለልብስ ሱቁ ደንበኛ የበዛላት ከተማ ሆናለች። ደንበኛውም አብዛኛው ወጣት ተማሪ ስለሆነ፣ ወላጁ ከሩቅ የሚልክለትን ገንዘብ የሚቀበለው በስልኩ፣ የሚከፍለውም በዚያው በስልኩ ነው። ዳቦ ገዢው ከኪሱ ብር ሳያወጣ፣ ባለሱቁም መልስ ሳይቆጥር፣ ሁለቱም የየስልካቸውን መስታወት አይተው ይለያያሉ። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ካስጀመረ ወዲህ የተመዝጋቢዎቹ ቁጥር ከ50 ሚሊዮን ማለፉን አስታውቋል። ሳፋሪኮም በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ኤም-ፔሳን አስከትሏል፤ ባንኮችም የየራሳቸውን የስልክ መተግበሪያ አውጥተዋል።

የዚህን አገልግሎት ጥቅም የሚክድ ነጋዴ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ቀድሞ የጉብሬ ቸርቻሪ ዕቃ ሲያልቅበት ገንዘቡን በወገቡ ታጥቆ፣ ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ 170 ኪሎሜትር ገደማ ተጉዞ መርካቶ ይገባ ነበር። ሱቁ አንድ ወይም ሁለት ቀን ይዘጋል፤ የመኝታና የምግብ ወጪ አለ፤ ኪስ አውላቂም እንደዚሁ። ዛሬ ግን ባለሱቁ ከመደርደሪያው ፊት ሳይነሣ ለጅምላ ነጋዴው ይደውላል፣ ሒሳቡን በደቂቃ ውስጥ ይልካል፣ ዕቃውም በጭነት መኪና ተጭኖ ይመጣለታል። ሱቁ ሳይዘጋ የዋለ ነጋዴ ያተረፈውን ራሱ ያውቀዋል።

ይሁን እንጂ ያ ጉዞ ገንዘብ ለማድረስ ብቻ የሚደረግ አልነበረም። ቸርቻሪው መርካቶ ሲደርስ በመጀመሪያ የሚገባው ከደንበኛው መጋዘን ነው። ሻይ ታዝዞለት ከጆንያው ላይ ተቀምጦ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እንሰቱ፣ ስለ አገር ቤት ሰው ጤና ይጠየቃል። ለተመልካች ሥራ ፈት ጨዋታ ይመስላል፤ ጅምላ ነጋዴው ግን በዚያች ሰዓት የሚመረምረው የሰውየውን ይዞታ ነው። ገበያው ከቀዘቀዘበት ከአነጋገሩ ይታወቃል፤ ካለፈው ጊዜ ያነሰ ዕቃ ካዘዘ ምክንያቱን ይጠይቀዋል፤ ሰውየው ታማኝ ሆኖ ጊዜው የከፋበት ብቻ ከሆነ ደግሞ «ይህን ጨምረህ ውሰድ፣ ሸጠህ ትከፍለኛለህ» ይለዋል። በኢትዮጵያ ገበያ ዱቤ የሚባለው ትልቅ ካፒታል የሚወለደው እንዲህ ባለው ጨዋታ መካከል ነው። ውል የሚጻፍበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ መያዣ የሚጠየቅበትም እንዲሁ።

ቸርቻሪውም በበኩሉ የሚያገኘው ነገር ነበረው። ከመጋዘን መጋዘን ሲዘዋወር የትኛው ዕቃ እንደ ተወደደ፣ የትኛው ሊገባ በመንገድ ላይ እንዳለ ይሰማል፤ ጨርቁን በጣቱ ዳስሶ፣ የዘይቱን ቆርቆሮ አገላብጦ ይመርጣል። በስልክ ያዘዘ ሰው ግን የሚደርሰው የተመረጠለት ነው። ሌላው ገዢ የተወው ዕቃ ወደ ጉብሬ ቢጫን፣ ሻጩ አውቆ ያደረገው ላይሆን ይችላል፤ በስፍራው የሌለ ገዢ ግን ከመጋዘኑ ጥግ የቀረውን መውሰዱ የተለመደ ነው።

ስልኩም ብድር ይሰጣል የሚል መልስ ይመጣ ይሆናል። እውነት ነው፤ ኢትዮ ቴሌኮም በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ ከዳሽን ባንክ ጋር ሆኖ «ቴሌብር መላ» የተባለውን አነስተኛ ብድር ጀምሯል፤ ሌሎች ባንኮችም በዚህ መንገድ ገብተዋል። ይህ ብድር ያለ መያዣ የሚሰጥ ሲሆን፣ የተበዳሪው አቅም የሚመዘነው በስልኩ ባለፈው የገንዘብ ዝውውር ነው። ዘመድና አስተዋዋቂ ለሌለው አዲስ ነጋዴ፣ በተለይም በገበያው ወንበር ላይ ሥፍራ ሳይሰጣት ለኖረች ሴት ነጋዴ፣ ይህ በር መከፈቱ መልካም ነው። የመርካቶ ዱቤ ለሚታወቀው ሰው ደግ፣ ለማይታወቀው ጨካኝ እንደ ነበር መሸሸግ አይቻልም። ዳሩ ግን የስልኩ ብድር ከነአገልግሎት ክፍያው በቀኑ ይጠበቃል፤ ዝናብ ቀርቶ በርበሬው ቢበላሽ፣ ገበሬውም ለባለሱቁ መክፈል ቢያቅተው፣ ስልኩ ይህን አይሰማም። ጅምላ ነጋዴው ግን ይሰማል፤ እስከ መኸር፣ እስከ መስቀልም ይታገሣል።

እቁብም በዚሁ መንገድ ላይ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ከመቀበሉ በፊት ዋስ መጥራቱ፣ ዋሱም በጉባኤው ፊት ቆሞ «እኔ አለሁ» ማለቱ የእቁብ ምሰሶ ነው። ገንዘብ የቸገረው አባል ቀድሞ የወጣለትን አባል ለምኖ ዕጣ የሚቀይረው፣ ወይም ዕጣውን ለሌላ የሚሸጠው፣ በዚያው በስብሰባው ላይ ነው። አሁን መዋጮው በስልክ ይላክና ዕጣውን ሰብሳቢው ብቻውን አውጥቶ በመልእክት ያስታውቃል። ሰዓት ይተርፋል፤ የቀረ ሰው ግን ለምን እንደ ቀረ የሚጠይቀው የለም። የጉራጌ ተወላጆች በ1950ዎቹ በአዲስ አበባ ተሰባስበው ላገራቸው መንገድ ማሠሪያ ገንዘብ ያዋጡት፣ እንዲህ ባለው ስብሰባ ተዋውቀው በመተማመናቸው ጭምር ነበር።

ይህ ጉዳይ የቸርቻሪ ብቻ እንዳልሆነ ላኪዎች ከቡና ንግድ ያውቁታል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ተቋቁሞ በተከታዩ ዓመት ቡና በእርሱ በኩል እንዲሸጥ ሲደረግ፣ ክፍያ በጊዜው መድረሱና ዋጋው በይፋ መታወቁ ትልቅ ርምጃ ሆነ። ነገር ግን ቡናው በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ሲሸጥ፣ የማን እርሻ፣ የማን መፈልፈያ እንደሆነ ገዢው የሚያውቅበት መንገድ ተቋረጠ። አምራቹን በአካል ጎብኝተው ላቅ ያለ ዋጋ ይከፍሉ የነበሩ የውጭ አገር ቆይዎች አጥብቀው አመለከቱ። የኅብረት ሥራ ማኅበራት በቀጥታ የመሸጥ መብት ቢኖራቸውም ለሌላው በሩ ጠባብ ሆኖ ቆየ፤ በ2009 ዓ.ም. በወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051 ግን አቅራቢና ላኪ እንደገና በቀጥታ የሚገናኙበት መንገድ ተከፈተ። የተቋረጠውን ትውውቅ ለመመለስ ስምንት ዓመት ያህል ፈጀ ማለት ነው።

የማረቆ በርበሬ የሚገዙ ሰዎችም ይህን ሳይነገራቸው ያውቁታል። በስልክ የተላከ ፎቶግራፍ የበርበሬውን ቅላት ያሳያል፤ እርጥበቱን ግን አያሳይም። እርጥብ በርበሬ በጆንያ ውስጥ ይሻግታል፣ በሚዛንም ላይ ይከብዳል። ስለዚህ ጥንቁቅ ገዢ ቡታጅራ ድረስ ወርዶ ዛላውን በእጁ ሰብሮ፣ ፍሬውን አንኳኩቶ፣ አሽትቶ ይገዛል፤ ሒሳቡን ግን በስልክ ይከፍላል። ሁለቱም በየሥፍራቸው ዋሉ ማለት ነው።

በጉብሬና በወልቂጤ አስተዋይ የሆኑት ባለሱቆች የሚይዙት መንገድ ከዚህ ብዙም አይርቅም። የዘወትሩን ዕቃ፣ ሳሙናውንና ስኳሩን፣ በስልክ ያዛሉ፤ የልብስና የጫማ ወቅት ሲደርስ ግን ራሳቸው ይሄዳሉ፣ ወይም ወራሽ የሚሆነውን ልጅ ይልካሉ። ልጁ በጅምላ ነጋዴው ዘንድ ካልታወቀ፣ አባቱ ሲደክም ዱቤው አብሮ ይደክማልና። በሱቃቸውም ገዢው የሚያሳያቸውን የክፍያ መልእክት አይተው ዕቃ አይሰጡም፤ ተመሳስሎ የተሠራ መልእክት ብዙ ባለሱቅ አክስሯልና ገንዘቡ መግባቱን ከራሳቸው ሒሳብ ላይ ያረጋግጣሉ።

ለጅምላ ነጋዴውም ቀላል ዕድል አለው። በመስቀል ጊዜ የመርካቶ ብዙ መደብሮች ተዘግተው ባለቤቶቻቸው ወደ ጉራጌ አገር ይወርዳሉ። ዓመቱን በሙሉ በድምፅ ብቻ የሚያውቁት ቸርቻሪ በዚያ ሰሞን ከጀፎረው ማዶ ይገኛል፤ ሱቁንም፣ መደርደሪያው ላይ አቧራ የለበሰውንና ያልለበሰውንም ዕቃ ገብተው ማየት ይችላሉ። ለሚቀጥለው ዓመት ለማን ምን ያህል ዱቤ እንደሚለቀቅ ብዙውን ጊዜ የሚቆረጠው በዚያ ሳምንት፣ ክትፎው ከተበላ በኋላ ነው።