ጆሮ ቀንድን የሚበልጥበት ገጽ

ማታ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ የገንዳ ውኃ ወጣት በጎንደር–መተማ መንገድ ስለሚፈጸመው እገታ ጽፎ ሬዲት በተባለው ድረ ገጽ ላይ ለቀቀ እንበል። ጽሑፉ እንደወጣ ኔትወርክ ጠፋ። ጎረቤቶቹ፣ የመኪና ረዳቶች፣ ለሰሊጥ ሥራ ከደጋ የወረዱ የቀን ሠራተኞች፣ ባጠቃላይ ነገሩ በቀጥታ የሚነካቸው ሰዎች ጽሑፉን አይተው የደገፉት በማግስቱ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ዘግይቶ የመጣው ድጋፋቸው ምን ያህል ይመዝናል? ይህ በግምት የሚመለስ ጥያቄ አይደለም፤ ቀመር አለው።

ስቲቭ ሃፍማንና አሌክሲስ ኦሃኒያን እ.ኤ.አ. በ2005 አሜሪካ ውስጥ የመሠረቱት ሬዲት የፊት ገጹን ለአዘጋጅ አልሰጠም። አባላት ያገኙትን ይለጥፋሉ፣ ሌሎች የድጋፍ ወይም የተቃውሞ ቀስት ይጫናሉ፣ የተወደደው ወደ ላይ ይወጣል። አቤቱታ ላለው የሠፈር ኮሚቴም ሆነ ለትንሽ ፓርቲ ያጓጓል፤ ያለ ገንዘብና ያለ ጋዜጠኛ ደጅ ጥናት አደባባይ መውጣት ማን ይጠላል?

ችግሩ ድምፅ ሁሉ እኩል አለመቆጠሩ ነው። ሬዲት ለዓመታት የሠራበትና በይፋ የታወቀው ቀመር ተቃውሞን ከድጋፍ ቀንሶ የቀረውን በሎጋሪዝም ያሰላል። ከ1 ድምፅ ወደ 10 መድረስም፣ ከ10 ወደ 100 መድረስም የሚያስገኘው ያው አንድ ነጥብ ነው። ስለዚህ ፈጥነው የመጡ ጥቂት ሰዎች ዘግይተው የመጡ ብዙዎችን ያህል ይመዝናሉ። በዚያ ላይ ሰዓት አለ። አንድ ጽሑፍ ከሌላው 12 ሰዓት ተኩል ዘግይቶ ከተለጠፈ አንድ ነጥብ በነፃ ይመረቅለታል። የ25 ሰዓት ልዩነት ሁለት ነጥብ፣ ማለትም 100 እጥፍ ድምፅ ነው። በማግስቱ ማታ የተለጠፈ ሌላ ጽሑፍ 5 ድጋፍ ቢያገኝ፣ የገንዳ ውኃው እኩል ለመቆም 500 ያስፈልገዋል። ቀድሞ የወጣን ጆሮ ኋላ የመጣ ቀንድ በለጠው ይባላል፤ በዚህ ቤት ግን ዘግይቶ የመጣ ድጋፍ የቀንዱ ዕድል የለውም።

የሰው ጠባይም ቀመሩን ያግዘዋል። ሌቭ ሙችኒክ፣ ሲናን አራልና ሾን ቴይለር እ.ኤ.አ. በ2013 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናት አንድ የዜና መምረጫ ድረ ገጽ ላይ የተሠራ ነው። ከ100,000 በላይ አስተያየቶችን ወስደው ለአንዳንዶቹ በዕጣ አንዲት የድጋፍ ድምፅ ጨመሩላቸው። ቀጥሎ ያየው አንባቢ የመደገፍ ዕድሉ በ32 በመቶ ጨመረ፤ የመጨረሻው ውጤትም በአማካይ በ25 በመቶ ከፍ አለ። የተቃውሞ ድምፅ ያስገቡባቸውን ግን አንባቢዎች መልሰው አቀኗቸው። መንጋው ሽቅብ እንጂ ቁልቁል አልተነዳም።

እኛ አገር ሬዲት የጥቂቶች ነው፤ ሕዝቡ ያለው ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ ነው። ሕጉ ግን ይመሳሰላል። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የቁጣውን ጨምሮ የስሜት ምስሎችን ከአንድ ላይክ 5 እጥፍ ይቆጥር ነበር፤ የቁጣው ክብደት ወደ ዜሮ የወረደው በ2020 ነው። በትግራዩ ጦርነት ጊዜ ደግሞ በውጭ የሚኖሩ የሁለቱም ወገን ደጋፊዎች ተዘጋጅቶ የተቀመጠ መልእክት በአንድ ጭነት ትዊተር ላይ እንዲለቀቅ አደረጉ። የፈለጉት ያችን የመጀመሪያ ሰዓት መያዝ ነበር። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ ትዊተር በኢትዮጵያ የመነጋገሪያ ርዕሶችን ዝርዝር ለጊዜው ዘጋ። ጥሩ ውሳኔ ይመስለኛል፤ ዝርዝሩ የሚለካው የሕዝብ ስሜትን ሳይሆን ቅንጅትን ሆኖ ነበር።

የወጣቱ አካባቢ መተማ በዚህ ሁሉ ውስጥ የት ነበረች? ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሱዳንን ጦርነት የሸሹ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከሱዳኗ ድንበር ከተማ ከገላባት ተሻግረው ገቡባት። ሐምሌ 28 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ሰሞን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቆየ። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም. መጨረሻ በኩመርና በአውላላ መጠለያዎች የነበሩ 1,000 ያህል ስደተኞች፣ ዝርፊያና ጥቃት መረረን ብለው በእግር ወደ ጎንደር ተነሡ፤ ፖሊስ መንገድ ላይ አስቆማቸው። በስልክ ቀስት መጫን የማይችል ሰው በእግሩ አስፋልት ላይ መውጣቱ አይገርምም። ያ ሰልፍ ዓለም አቀፍ ዜና ሆነ።

ለገንዳ ውኃው ወጣት ግን አንድ ቀዳዳ አለ። አሜሪካዊው ኤድዊን ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1927 ያወጣው የስታቲስቲክስ ቀመር የድጋፍን ድርሻ ከናሙናው መጠን ጋር አገናዝቦ ይመዝናል እንጂ ሰዓት አይጠይቅም። ሬዲት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በጽሑፎች ሥር የሚሰጡ አስተያየቶችን የሚደረድርበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። 10 ሰው አይቶት 10ሩም የደገፉት አስተያየት 60 ደግፈው 40 ከተቃወሙት በላይ ይቀመጣል፤ ድምፁ ዛሬም ይምጣ ነገ ለውጥ የለውም። ስለዚህ ኔትወርኩ በማይታመን ቆላ ላለ ሰው አዲስ ጽሑፍ ለጥፎ ከሰዓት ጋር ከመሽቀዳደም፣ ፊት ገጽ ላይ በወጣ የሱዳን ዜና ሥር ያየውን በአራት መስመር ማስፈር ያዋጣዋል።